ሻጩን ከማመናችሁ በፊት፦ በገዛ ማሳችሁ ላይ የሽንኩርት ሙከራ እንዴት ይሠራል?

ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ሰው ምክር አያጣም። ዘር ሻጩ ከኔ ዘር የሚበልጥ የለም ይላል። የፀረ ተባይ ሻጩ በየሳምንቱ ርጩ ይላል። ጎረቤት ደግሞ በየሦስት ቀኑ ውኃ ይለቃል፣ ምርቱም ደህና ነው። ታዲያ ማንን እንስማ?

የኔ መልስ አንድ ነው። ማሳችሁን ጠይቁት። የምርምር ማዕከል ባለሙያ አዲስ ነገር ሲፈትሽ የሚከተለው አካሄድ ምስጢር የለውም፣ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ሜትር፣ ገመድ፣ ችካል፣ ሚዛን፣ ደብተር። ይኸው ነው። ከተቻለ አንድ በርሜልም ይጨመር።

የምርምር ውጤት አይጠቅምም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ የተባሉት የሽንኩርት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1980 የተለቀቁት በዚያ ሥራ ነው፣ ናሲክ ቀይና ናፊስ ደግሞ በኋላ መጡ። ማዕከሉ ስለ አንድ ዝርያ በሄክታር 300 ኩንታል ይሰጣል ሲል እውነቱን ነው። ግን ያንን 300 ኩንታል ያገኘው በራሱ አፈር፣ በሰዓቱ በሚደርስ ውኃና በሰዓቱ በሚታረም ማሳ ላይ ነው። የእናንተ አፈር ሌላ ነው። ውኃችሁ በተራ ይመጣል፣ ሠራተኛውም በፈለጋችሁት ቀን ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ማዕከሉ ለይቶ ካስቀመጣቸው አማራጮች ውስጥ ለእናንተ የሚሆነውን የምትለዩት እናንተው ናችሁ።

ጥያቄው አንድ ይሁን

በአንድ ወቅት አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አዲስ ዘር፣ አዲስ ማዳበሪያና አዲስ መድኃኒት በአንድ ላይ ሞክሮ ምርት የጨመረለት ሰው ያሳደገለት የትኛው እንደሆነ አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱንም ይገዛል፣ ምናልባት ሁለቱ ገንዘብ ማባከን ናቸው።

ጥያቄውን ደብተር ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። “ናፊስ ከቦምቤ ቀይ የበለጠ ምርት ይሰጠኛል ወይ?” ወይም “ትሪፕስ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ቆጥሬ ብረጭ በየሳምንቱ ከመርጨት ያተርፈኛል ወይ?” እንደዚህ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍ ያለ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ነው።

ከዚያ የግድ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያ ማለት እስከ ዛሬ የምትሠሩበት አሠራር ነው፣ ከአዲሱ ጎን ለጎን፣ በዚያው ቀን የተተከለ። አምና ካገኘሁት ጋር አነጻጽራለሁ ማለት አይሠራም፤ አምና ዝናቡም ሙቀቱም ተባዩም ሌላ ነበር። እንግሊዝ አገር ሮዛምስቴድ በሚባለው የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ስንዴ ሲመረትበት የኖረ ማሳ አለ። ከማሳው አንዱ ቁራጭ በዚህ ሁሉ ዘመን ማዳበሪያ ተጨምሮበት አያውቅም። ሆን ተብሎ ነው፤ የማዳበሪያው ጥቅም የሚታወቀው ያለ ማዳበሪያ ምን እንደሚገኝ ሲታወቅ ብቻ ነውና።

መደቡን ማውጣት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

የተለመደው አሠራር ማሳውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአዲሱ፣ ግማሹን በድሮው መትከል ነው። ችግሩ ማሳ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ውኃው የሚገባበት ወገን ቶሎ ይጠጣል፣ መጨረሻው ይጠማል። ታች በኩል ደለል ይከማቻል። ዛፍ ያለበት ጥግ ይጠላል። አዲሱ ዘር የቦዩ አፍ ላይ ከዋለ ያሸነፈው ዘሩ ይሁን ውኃው በምን ይታወቃል?

መፍትሔው ጥንድ ጥንድ አድርጎ መደጋገም ነው። ከውኃው መግቢያ እስከ ማሳው መጨረሻ አራት ቦታ ምረጡ። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት መደብ አጎራብታችሁ አውጡ፣ አንዱ ለአዲሱ፣ አንዱ ለድሮው። አሁን የቦዩ አፍ ላይም ሁለቱ አሉ፣ መጨረሻው ላይም ሁለቱ አሉ። ከጥንዱ የትኛው በቀኝ፣ የትኛው በግራ ይሁን የሚለውን እናንተ አትምረጡ። ሳንቲም ወርውሩ፣ ዘውድ ወይም ጎፈር፣ የወጣውን ተቀበሉ። ሰው ሳያስበው የሚወደውን ነገር ጥሩው ቦታ ላይ ያደርጋል፣ ሳንቲም ግን አያዳላም።

ስፋቱን እንዲህ አድርጉት። የሽንኩርት የተለመደው ርቀት 40፣ 20፣ 10 ነው፦ የቦዩ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጉብታው ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል 20፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 10። ስለዚህ አንድ ጉብታ ከነቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ለአንድ መደብ ስድስት ጉብታ በ6 ሜትር ርዝመት ይበቃል። ስትሰበስቡ ግን ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ጉብታዎች፣ ከጫፍና ከጫፍም ግማሽ ግማሽ ሜትር ትታችሁ መሃሉን ብቻ ትመዝናላችሁ። ዳር ያለ ተክል ሰፊ ቦታና ብርሃን ያገኛል፣ ወይም ከጎረቤቱ መደብ የመጣ መድኃኒት ይነካዋል፣ ስለዚህ ለምስክርነት አይሆንም። የሚቀረው መሃል አራት ጉብታ በ5 ሜትር ነው። 12 ካሬ ሜትር፣ 400 ያህል ተክል።

ስምንቱ መደብ ከነመተላለፊያው 250 ካሬ ሜትር አይሞላም። ሩብ ሄክታር ላለው ሰው የማሳው አሥረኛ ቢሆን ነው። አዲሱ ነገር ከከሸፈ የምታጡት ከዚያችው ላይ ግማሹን ነው።

ማዳበሪያውም ለሁሉም እኩል ይሁን፣ በዓይን ግምት አይበተን። 100 ኪሎ በሄክታር ማለት 10 ግራም በካሬ ሜትር ነው። መደባችሁ 21.6 ካሬ ሜትር ስለሆነ 216 ግራም ይደርሰዋል። የወርቅ ሚዛን አያስፈልግም፣ አንድ ጣሳ መዝናችሁ ምልክት አድርጉበትና በዚያ ስፈሩ።

ዘርና ችግኝ

የዝርያ ሙከራ ከሆነ መጀመሪያ የዘሩን ብቅለት ፈትሹ። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይደክማል፣ ሙቀት ቦታ ላይ የከረመ ዘር በዓመቱ አቅሙ በጣም ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ዘር 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጉ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቁ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ የበቀለውን ቁጠሩ። አንዱ 90 አንዱ 50 ከሆነ ማሳ ላይ የምታነጻጽሩት ዝርያን አይደለም፣ የዘሩን ዕድሜ ነው። በዚያ ሁኔታ ወይ ሌላ ዘር ፈልጉ ወይ የደከመውን አብዝታችሁ ዝሩና ችግኙን አመጣጥኑ። የዘሩን ማሸጊያ አትጣሉት፣ ደብተሩ ውስጥ ለጥፉት።

ሁለቱንም በአንድ ቀን አፍሉ፣ በአንድ ቀን ትከሉ። ችግኙ ከ45 እስከ 55 ቀን ሲሞላው፣ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ ይደርሳል። ተከላ ላይ ሠራተኞቹን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ቡድን ለአዲሱ ሌላውን ለድሮው አታድርጉ። የአንዱ እጅ ጠለቅ አድርጎ ይተክላል፣ የሌላው ላላ ያደርጋል። አንድ ጥንድ በአንድ ሰው እጅ ይለቅ።

ውኃ

የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፣ አብዛኛው ከላይ ባለው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። አብዝቶ ማጠጣት ማዳበሪያውን ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። ከባድ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ውኃው ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል። ነዳጅም ገንዘብ ነው።

ጥሩ የሙከራ ጥያቄ ይኼ ነው፦ በቀን ቆጠራ ከማጠጣትና አፈሩን በእጅ አይቶ ከማጠጣት የትኛው ይሻላል? አፈር የሚታየው ከላይ አይደለም። ላዩ ሁልጊዜ ደረቅ ይመስላል። በሁለት ተክል መካከል 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩና ከዚያ ጥልቀት አንድ እፍኝ አውጡ። ጨብጡት፣ እጃችሁን ክፈቱ። የጣቶቻችሁ ምልክት ያረፈበት ድቡልቡል ሆኖ ከቆየና መዳፋችሁን ካረጠበ ውኃ አለው፣ ተውት። ድቡልቡል ሆኖ ወደ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ስትወረውሩትና ስትቀልቡት ከተፈረፈረ ዛሬ ወይም ነገ ይጠጣ። ጭራሽ አልጨበጥ ካለ ዘግይታችኋል። አሸዋ የበዛበት አፈር ከመጀመሪያውም በደንብ አይጨበጥም። እዚያ ላይ ከመዳፋችሁ እርጥበት ፍረዱ፣ ጥቂት ጊዜ ካጠጣችሁ በኋላ እየጨበጣችሁ ልመዱት። እጅ ቶሎ ይማራል።

ውኃውንም ለኩት። የፓምፑን አፍ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ላይ ደግናችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። 100 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 12 ደቂቃ ብትለቁት 3,600 ሊትር ገባ፣ በካሬ ሜትር 36 ሊትር፣ ይኸውም 36 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደ ዘነበ ይቆጠራል። ይህችን ስሌት አንዴ ከያዛችኋት የሞተሩን ሰዓት በመጻፍ ብቻ ሁሉንም ታውቃላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ውኃ ወደ ጎን ይሰርጋል። የውኃ ሙከራ ከሆነ በሁለቱ መደቦች መካከል ቢያንስ ሁለት ጉብታ ባዶ ተዉ፣ ካልሆነ ብዙ የጠጣው ለጎረቤቱ ያካፍላል። እና አንገቱ ሲለሰልስ፣ ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር፣ ሁለቱም ላይ ውኃ አቁሙ። ከመሰብሰቡ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ውኃ ያልቆመበት ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ አይቆይም።

ትሪፕስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በሽንኩርት ላይ ገንዘቡን በከንቱ የሚረጨው ለዚህ ተባይ ነው።

ትሪፕስ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ደረቅና ሞቃት ጊዜ ይወዳል። የሚኖረው መሃል ላይ አዲሶቹ ቅጠሎች ተጣብቀው በሚወጡበት አንገት ውስጥ ነው። ቅጠሉን ፍቆ ይመጠዋል፣ ቅጠሉ ላይ የብር ቀለም ያለው ሸርተት ያለ ምልክት ይቀራል። እንቁላሉን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ይጥላል፣ ወደ ሙሉ ተባይነት ከመለወጡ በፊት ያለውን የመጨረሻ ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው አፈር ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ በማናቸውም ቀን ብትረጩ ብዙዎቹን መድኃኒቱ አያገኛቸውም። በሙቀት ወቅት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ ትውልድ ይተካል። የተረፉት መድኃኒቱን የቻሉት ናቸው፣ የሚባዙትም እነሱ። አንድ ዓይነት መድኃኒት እየደጋገመ የሚረጭ ሰው ራሱ ያንን መድኃኒት የማይፈራ ትሪፕስ እያረባ ነው።

ሙከራው ይህ ነው። በአንደኛው መደብ ልማዳችሁን ቀጥሉ። በሁለተኛው ቆጥራችሁ ብቻ ርጩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከመደቡ መሃል 10 ተክል እየዘለላችሁ ምረጡ። አንገቱን በሁለት አውራ ጣት ለቀቅ አድርጋችሁ ቅጠሎቹን ከፍታችሁ ቁጠሩ፣ ቢጫማ ትናንሾቹንም ጨምራችሁ። ለዓይን ካስቸገረ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ፣ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ። በአማካይ በተክል ከ5 እስከ 10 ሲደርስ ለመርጨት መነሻ አድርጋችሁ ያዙት፣ ችግኙ ትንሽ ከሆነ ወደ 5ቱ ተጠጉ። ከረጫችሁ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግማችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልወረደ መጠኑን አትጨምሩ። በሌላ መንገድ የሚገድል፣ ሌላ ንጥረ ነገር ያለው መድኃኒት ለውጡ፤ የንግድ ስም ሌላ ሆኖ ውስጡ ያው ሊሆን ስለሚችል መለያው ላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ።

የሽንኩርት ቅጠል ሰም ስላለው ጠብታው ይንሸራተታል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚደባለቅ ማጣበቂያ ጨምሩ፣ የመርጫውን አፍንጫ ወደ ተክሉ አንገት አድርጉት። ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩ፣ ጎረቤት መደብ ላይ ከደረሰ ሙከራው ተበላሸ። ጓንት፣ ጭምብልና ረጅም እጅጌ የግድ ነው፣ ለሚረጨው የቀን ሠራተኛም ጭምር! ማንኮዜብ የፈንገስ መድኃኒት እንጂ ትሪፕስ አይገድልም፣ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል ሳያውቁ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ መበጥበጥም ይቅር። በመጨረሻው ርጭትና በመሰብሰቢያው መካከል መለያው ያዘዘውን ቀን ጠብቁ። ያንን ሽንኩርት የሚበላ ሰው አለ።

ዝናብ ትሪፕስን ያጥባል፣ ግን እርጥበቱ ፐርፕል ብሎች የሚባለውን የቅጠል በሽታ ያመጣል። ስለዚህ በበጋ መስኖ ያገኛችሁት ውጤት ለክረምት አይሠራም። ለክረምት ለብቻው ሙከራ ያስፈልጋል።

ጉልበት

ገበሬ ብዙ ጊዜ የማይጽፈው ወጪ ይኼ ነው፣ በተለይ የቤተሰቡን። በየቀኑ ማን፣ በየትኛው መደብ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጻፉ። ልጆቻችሁና ባለቤታችሁ የሠሩትም በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይታሰብ። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አፈሩን አያለብስም፣ አረም በነጻነት ይወጣበታል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረም ካመለጠ በኋላ ቢታረምም የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱም መደብ በአንድ ቀን ይታረም። አንዱ ዛሬ አንዱ ከሳምንት በኋላ ከሆነ የምትመዝኑት አረሙን ነው።

ሚዛኑና ስሌቱ

ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ሲወድቅ ሰብስቡ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። ከመሃሉ 12 ካሬ ሜትር የወጣውን ለየብቻ በጆንያ አድርጉ፣ ጆንያው ላይ የመደቡን ቁጥር ጻፉ። ገበያ የሚወጣውንና የማይወጣውን፣ የተሰነጠቀውን፣ አንገቱ የወፈረውን ለይታችሁ መዝኑ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ኪሎውን ለ12 አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ይነግራችኋል። 36 ኪሎ ካገኛችሁ 3 ይሆናል፣ በ100 ሲባዛ 300 ኩንታል።

አሁን አራት ጥንድ አላችሁ። በአራቱም አዲሱ ከበለጠ ጥሩ ምልክት ነው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑም እንኳ አዲሱ በአጋጣሚ አራቱንም የማሸነፍ ዕድሉ ከ16 አንድ ነው፣ ልክ ሳንቲም አራት ጊዜ ወርውሮ አራቴ ዘውድ እንደማውጣት። ስድስት ጥንድ ከነበራችሁ ከ64 አንድ ይሆናል። ቦታ ያለው ሰው ስድስት ቢያደርግ የምመክረው ለዚህ ነው። ሁለት ለሁለት ከወጡ ልዩነት አልታየም፣ ስለዚህ ርካሹን ያዙ። ሦስት ለአንድ ከሆነ ፍርዱን አቆዩት፣ ቀጣዩ ወቅት ላይ ድገሙት።

ከዚያ ብር። ለማሳያ ያህል አዲሱ አሠራር በሄክታር 20 ኩንታል ጨመረ፣ ግን 30 የሰው ቀን ጉልበት በላ እንበል። የቀን ዋጋ 400 ብር ቢሆን ተጨማሪው ወጪ 12,000 ነው። ሽንኩርት በኪሎ 15 ብር ከተሸጠ 20 ኩንታሉ 30,000 ያመጣል፣ አዋጣ። ገበያው ወርዶ 5 ብር ከገባ 10,000 ብቻ ነው፣ ኪሳራ ነው። የሽንኩርት ዋጋ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በዝቅተኛውም ዋጋ አስሉት። በዝቅተኛው ዋጋም የሚያዋጣ አሠራር ካገኛችሁ በሰፊው ግቡበት።

ምርት ብቻውን አይፈርድም ደግሞ። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቁንጮ ጤፍ የተገኘው ገበያው በንጣቱ የሚወደውን ግን ምርቱ አነስተኛ የነበረውን ዝርያ ምርቱ ከፍ ካለው ጋር በማዳቀል ነው። ገበሬው ቶሎ የተቀበለው ሁለቱንም ስላገኘበት ነው። ለሽንኩርትም ነጋዴው ቀለሙንና መጠኑን ያያል። ከሁለቱም ጥቂት ፍሬ ይዛችሁ ሂዱና ስሙን ሳትነግሩ ጠይቁት፣ የትኛውን በስንት ይገዛል?

ከእያንዳንዱ መደብ 10 ኪሎ ያህል አስቀሩና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ ከወር በኋላ የበሰበሰውንና የበቀለውን አውጥታችሁ መልሳችሁ መዝኑ። ደብተሩን ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳዩት። ለሚቀጥለው ወቅት ጎረቤቶቻችሁ ያንኑ ጥያቄ በየማሳቸው አንድ አንድ ጥንድ አድርገው ቢይዙት የአካባቢው ሁሉ መልስ በአንድ በጋ ይወጣል፣ ለማንም ሰው ከአንዲት ቁራጭ መሬት በላይ አያስወጣውም።